ስለቱን ማን ከፈለው?
(«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስለ መከራ ስናነበው)

ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን እናቱ ሞቱበት። ገንዘብ አዋጥተን፣ በአንድ ሚኒባስ ተጠቅጥቀን ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ንፍሮ ቀረበልን፤ እንደ ደንቡም «እግዜር ያጥናህ» አልነው። ከአጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ መቼም ለማጽናናት ብለው ነው፣ «አይዞህ ልጄ፤ እግዜር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ግቢ ተመለሰ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በየአልጋችን ላይ እንዳለን፣ ለማንም ሳይሆን ወደ ጣሪያው፣ «ታዲያ እኔን የተወኝ ስለማይወደኝ ነው?» አለ። የመለሰለት ሰው አልነበረም። እንቅልፍ የወሰደን መሰልን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ማታ ስላልመለስንለት ነው። መልስ አግኝተን አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ለትምህርት ብለን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና እናነብ ነበርና፣ መጽሐፉ ስለዚያች የጨለማ ጥያቄ ከኛ የበለጠ የሚያውቅ መስሎ ታየን። ያየነውን እንናገር፤ ያልተስማማን ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ። በቋንቋችን ኀዘንተኛ የሚጽናናባቸው ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ከሰውየው ጎን የሚቆሙ ናቸው፤ «እግዜር ያጥናህ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «አይዞህ»። እነዚህ ነገሩ ለምን እንደ ሆነ አይናገሩም፤ ምኞትና ጸሎት ናቸው። ሁለተኛዎቹ የሚተረጉሙ ናቸው፤ «ቀኗ ደርሶ ነው»፣ «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው»፣ «ለበጎ ነው»። እነዚህኞቹ ምክንያት ይሰጣሉ። ምክንያት ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። «ለበጎ ነው» ከተባለ በጎነቱ ለማን ነው? «የሚወደውን ይወስዳል» ከተባለ የቀረው ምን ሊባል ነው? ሽማግሌው ለሟቿ ክብር ሰጡ፤ ዋጋው ግን ሳያስቡት ልጅየው ላይ ወደቀ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይኸ ነው። ሰው ለመከራ ትርጉም ሳይሰጥ መኖር ይከብደዋል፤ ነገር ግን የሚሰጠው ትርጉም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ትርጉሙን የሰጠው ሰው ሳይሆን ሌላ ነው። ጥሩ ድርሰት ከፋዩን ያሳየናል። ደካማ ድርሰት ይደብቀዋል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን ልብ ወለድ ያላነበበ እንኳ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ወላጅ ወይም ዘመድ አያጣም። ሁላችንም በአእምሯችን የያዝነው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል። እርግጥ ነው፣ የፍቅር ታሪክ ነው። ግን ሰብለ ወንጌል ከመምጣቷ በፊት፣ ማንኩሳ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጅ ወለዱ፤ ልጁ ይታመማል። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ። በእጃቸው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለት። ልጁ ከተረፈ ለእግዚአብሔር ይሆናል፤ ሚስት ሳያገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ይኖራል። ልጁም ተረፈ።

ስለት ምንድን ነው? ምንም ለማድረግ ያልቻለ ሰው «አንድ ነገር አደረግሁ» የሚልበት መንገድ ነው። በሽታ ዝም ብሎ የመጣ ነገር መሆኑ ይቀርና ውል ይሆናል፤ ይህን ከሰጠሁ ያን አገኛለሁ። ለእናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ እጇን አጣጥፋ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም፤ የተዋዋለች ሴት ናት። ማንም ሊንቃት አይገባም። የታመመ ልጅ ታቅፎ ያደረ ሰው፣ ምንም ቢሆን ሳይሳል አይነጋለትም።

ግን ልብ እንበል። ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ የተሳለ ሰው ጥላውን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ጧፍና ዕጣን የተሳለም እንዲሁ። ውድነሽ የተሳለችው ግን ከራሷ ኪስ አይደለም፤ የልጁን ዕድሜ ነው የተሳለችው፤ ልጁ አድጎ ወንድ ሲሆን የሚመጣበትን ፍላጎት፣ ገና ያላያትን ሴት፣ ገና ያልተወለዱትን ልጆቹን ጭምር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሲያሳዩን እናትየዋን አይከሷትም። ውሉን ብቻ ያስቀምጡልንና ዕዳው የሚጠየቅበትን ቀን እንድንጠብቅ ይተዉናል።

ቀኑም ይመጣል፤ ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ቤት። በዛብህ ቅኔ ተምሮ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ይገባል። ይወዳታል። የሚያስጨንቀው የፊታውራሪው ጎራዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። በውስጡ ያለው ግን ያልተበደረው ብድር ነው። የሌላ ሰው የጭንቅ ሌሊት የሱን ሌሊቶች ገዝቷቸዋል።

በዚያው በፊታውራሪው ቤት ደግሞ ሌላ ትርጉም ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ እሱም ዘር ነው። ሰብለ ወንጌልን የሚጠይቅ ሁሉ በዘር ያንሳል እየተባለ ይመለሳል፤ ጊዜው ያልፋል፤ ልጅቱ ሳታገባ ትቆያለች። እንዲህ ዓይነቷን ልጅ በየሰፈራችን ምን እንላታለን? «ዕድሏ ነው»። መጽሐፉ ግን በሩን ከፍቶ ያስገባንና ዕድል የተባለው ነገር አባቷ መሆኑን ያሳየናል። የአንድ ሰው ትዕቢት የሌላ ሰው «አርባ ቀን» ሆኖ ይጻፋል። ይህን ማሳየት የልብ ወለድ ሥራ ነው፤ ስብከትም ሆነ ተረት እንዲህ አድርጎ አያሳየውም።

አሁን ወደ መጨረሻው እንሂድ፤ ብዙ አንባቢ የሚያጉረመርመው እዚያ ላይ ነውና። በዛብህ የሚሞተው በፊታውራሪው እጅ አይደለም። መንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት ነው። ሰብለ ወንጌል የምትደርስለት ሊሞት ሲል ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይኸማ አጋጣሚ ነው፤ ደራሲው መጨረሻውን ከታሪኩ ውስጥ ሳይሆን ከመንገድ ዳር አመጣው» ይላሉ። እኛም በመጀመሪያ ንባባችን እንዲሁ ብለን ነበር።

በሁለተኛው ንባብ ግን ራሳችንን ያዝነው። በዛብህ ሲወድቅ በልባችን ያልነው ምን ነበር? «ስለቱን አፍርሶ ነው» አልን። ማንም ሳይነግረን! ወንበዴዎቹ ስለ ስለቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የፈለጉት ንብረቱን ነው። እኛ ግን ያለ ምክንያት የመጣን ሞት መሸከም ስላልቻልን፣ ወደ ኋላ ተመልሰን ማንኩሳ ሄድንና ሟቹን ጥፋተኛ አደረግነው። መጨረሻው «አጋጣሚ» የሆነው ደራሲው ስለ ደከሙ አይመስለንም። መከራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ከታሪካችን ውጭ፣ ከመንገድ ዳር። ከዚያ ወዲያ ታሪክ የምንሠራለት እኛ ነን። መጽሐፉ ይህን በእኛው በአንባቢዎቹ ላይ ፈተነው፤ ብዙዎቻችን ወደቅን።

የወደቅነው ከኢዮብ ወዳጆች ጋር ነው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የወዳጃቸውን መከራ ሰምተው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ከነሱ የተሻለ ለቀስተኛ የለም። ጥፋቱ የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት አመጣ፤ ምክንያቱም ሁሉ ዞሮ ዞሮ «አንተ አጥፍተህ ነው» ሆነ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው ሲጮህና ሲሟገት በነበረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በነሱ ላይ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አልፈነው የምንሄድ አንድ ቁጥር አለ። ኢዮብ ያጣው ሁሉ በእጥፍ ሲመለስለት 7,000 በጎቹ 14,000 ሆኑ፤ 3,000 ግመሎቹ 6,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን የሞቱት ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ በኋላ የተወለዱለትም ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። ሊቃውንት ለዚህ ማብራሪያ አያጡም፤ የሞቱት በሰማይ ስላሉ ቁጥሩ እዚያ ይሞላል የሚሉ አሉ። እኛ እንደ ተማሪ አንባቢ የምናየው ግን በግ በእጥፍ ይካሳል፣ ልጅ አይካስም የሚል ዝምታ ነው። መጽሐፉ «ተካሰ» ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ ያቺ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች።

«ታዲያ ለምን ብሎ መጠየቅ ራሱ ጥፋት ነው ማለታችሁ ነው?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ አንድ የአገራችንን ታሪክ እናንሳ። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል፣ ጣልያኖች ባስመጧቸው ከብቶች፣ የከብት በሽታ ገባ። በሬ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመሩበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የቆየውን ያን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ጠራው። ብዙ ሰው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ፤ ምሕላም ተያዘ። ዐፄ ምኒልክም ምሕላውን አላስቀሩም፤ ነገር ግን በሬ ለጠፋበት ሕዝብ ምሳሌ እንዲሆኑ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል።

«ከብቱ በምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ፍሬ ያለው ጥያቄ ነው። ሰው እየጠየቀ፣ ትውልድ እየተቀባበለ፣ ክትባት ተሠራ፤ ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። «ይህ የመጣው በማን ኃጢአት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አንድ በሬ አላዳነም፤ ያተረፈው ቢኖር የሞተባቸውን ሰዎች ከሐዘናቸው በላይ ማሳፈር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታውን ያሳድዳል፤ ሁለተኛው በሽተኛውን።

ወደ ልብ ወለዱ ስንመለስ፣ የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቁ ሁለት ወገኖች እናገኛለን። አንደኛው ጉዱ ካሣ ነው። «የቆየ ልማድ ነው» የተባለውን ሁሉ ሰው እንደ ሠራው፣ ሰውም ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል፤ ለዚህም ነው «ጉዱ» የተባለው። የካሣን ትርጉም ከሌሎቹ የሚለየው ልክ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ራሱ መክፈሉ ነው። የሚሳቅበት እሱ ነው፤ ብቻውን የሚቀረው እሱ ነው። ውድነሽ በልጇ ከፈለች፤ ፊታውራሪ በልጃቸው ከፈሉ፤ ካሣ በራሱ ከፈለ።

ሁለተኛዎቹ የነአበጀ በለው ገበሬዎች ናቸው። ፊታውራሪ ከልክ በላይ ሲጠይቋቸው «ምን በድለን ይህ መጣብን?» ብለው አልተቀመጡም፤ «ይህን ያመጣብን ማን ነው?» አሉ። ስሙንም ያውቁት ነበር። ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪ ተማርከው ቀሩ። ስለዚህ መከራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚቻለው መከራ አለ፤ የሚመለሰው መከራ አለ። ስምና አድራሻ ያለውን መከራ «ዕድል» ማለት ደግሞ ትዕግሥት አይደለም፤ ለበዳዩ ውለታ መዋል ነው። ደራሲው ይህን ልዩነት በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ሰው አልነበሩም። በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው፣ በጣልያን አገር ለዓመታት ታስረዋል።

ሙገሳ ብቻ ሒስ አይሆንም፤ በመጽሐፉ ቅር ያለንንም እንናገር። ስለቱን የተሳለችው እናት፣ ስለቱ ልጇን ምን እንዳስከፈለው በምናይበት በኋለኛው ታሪክ ውስጥ የለችም። ካሣ ብዙ ገጽ ይናገራል፤ ባላባቱ ይናገራሉ፤ ውድነሽ ግን ዕዳውን አይታ አንድ ቃል የምትልበት ቦታ አላገኘችም። ብንሰማት ምን ትል ነበር? «ባውቅ ኖሮ አልሳልም ነበር» ትላለች? ወይስ «ዛሬም ቢሆን እሳላለሁ፤ ሙቶ ከምቀብረው ወዶ ይዘን» ትላለች? ሁለተኛው ይመስለናል። ያን ሳንሰማ መጽሐፉ ማለቁ ጎደሎ ነው። የካሣም ንግግር በየቦታው ይረዝማል፤ አንባቢው ያየውን ነገር መልሶ ይነግረዋል።

ይህን ካልን ዘንድ የራሳችንንም ጓዳ እንፈትሽ። በዚህች በስቴንስል በምናባዛት መጽሔታችን ባለፉት እትሞች ያወጣናቸውን ግጥሞች፣ የኛን የጻፊዎቹንም ጨምሮ፣ ሰብስበን አየናቸው። በግማሾቹ ውስጥ መከራ «ዕጣ ፈንታ» ነው፤ በግማሾቹ ውስጥ «ሥርዓቱ» ነው። አንዱ ወደ ላይ ያመለክታል፤ ሌላው ወደ ሩቅ። በሁሉም ውስጥ የሌለው ሰውየው ነው። ማን ሞተ? ምን ይሠራ ነበር? ከሞተ በኋላ የማን እጅ ነው ሥራ የፈታው? ለመተርጎም ስንቸኩል የምንተረጉመውን ነገር ረሳነው።

ከአልቃሽ ብንማር ምናለ? ጥሩ አልቃሽ ምክንያት አትሰጥም። የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ቤቱን፣ እንግዳ አቀባበሉን፣ የጀመረውን አጥር፣ ያላለቀውን ሙግት እያነሳች ትዘረዝራለች፤ ተቀባዮቹ ይቀበሏታል። አንዳንዴ እግዜርን ራሱን ትሟገታለች፤ ማንም «ዝም በይ» አይላትም። ለምን ሞተ ብትልም ለመልስ አይደለም። የጎደለውን ነገር ልክ በቃል እየለካች ነው። የዕድራችንም ጥበብ ከዚህ አይርቅም። ዕድር ሰባኪ የለውም፤ ጡሩምባ ነፊ አለው። የሚያቀርበው ማብራሪያ አይደለም፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ነው። ሰዎች መከራን የቻሉት በትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ትርጉሙ ያለቀበት ሰው ሁሉ ወድቆ በቀረ ነበር። ብዙዎቹን ያቆማቸው አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ም የሚያልቀው በማብራሪያ አይደለም። ሰብለ ወንጌል መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች፤ ያ ሁሉ ንግግር የነበረው ካሣም መጥቶ ከአጠገቧ ይመነኩሳል። ሦስቱም በአንድነት ይቀበራሉ። የገባው ሰው በመጨረሻ ያደረገው ነገር መቀመጥ ነው።

ጓደኛችን ለአርባው ይዞን ሄዶ ነበር። ሽማግሌውን እዚያ እንደገና አገኘናቸው። ልንሟገታቸው ያሰብን አልጠፋንም። ነገር ግን ጎረቤት እንደ ነገረን፣ ሽማግሌው ሁለት ልጆቻቸውን በየተራ ቀብረዋል። ያቺ ቃል፣ «የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» የምትለው፣ ለካስ የራሳቸው ምርኩዝ ናት፤ ስንት ዓመት ተደግፈውባታል። ዋጋዋንም ራሳቸው ከፍለውባታል። ጥፋቷ ለሌላ ሰው ቁመት አለመሆኗ ብቻ ነው። ሳንሟገታቸው ጎንበስ ብለን ሰላም አልናቸው።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለጓደኛችን አሳየነው፤ ሳይፈቅድ ልናወጣው አልፈለግንም። አንብቦ ሲጨርስ፣ «ሁሉም አለ፤ ስለ እናቴ ግን አንድም ነገር የለበትም» አለን። እውነቱን ነው። ግጥሞቻችንን የከሰስንበትን ጥፋት እኛው ደገምነው።

ስለዚህ እንጨምር። እናቱ በየመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ በሶ ይልኩ ነበር፤ በትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ በነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ። ለአንድ ሰው ከሚበቃው ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር፤ ስንት እንደምንሆን ያውቁ ነበርና። የበላነውም ከልጃቸው ይልቅ እኛ ነን። በዚህ መንፈቅ ዓመት ጣሳው አልመጣም። ለምን ብሎ ለጠየቀን ያን ማታ ያልሰጠነው መልስ ዛሬም የለንም፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ከእንግዲህ የተኛን አንመስልም።